የሁለት ግራም ታሪክ፤ ከጎልፍ ዱላ እስከ ባሌ ጦር

አማርኛችን ለአንድ ማዕድን ሁለት ስም ሰጥቶታል። አንደኛ ክፍል ስንገባ እጃችን ላይ ያስያዙን እርሳስ ነው። አያቶቻችን በጠመንጃ አፈሙዝ የሚወጣውን ደግሞ አረር ይሉታል። በነገራችን ላይ የመጀመሪያው በስሕተት የተሰጠ ስም ነው። የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት እንጂ እርሳስ አይደለም። እንግሊዞችም እስከ ዛሬ የእርሳሳቸውን ልብ "ሌድ" እያሉ ስለሚጠሩት በስሕተቱ ብቻችንን አይደለንም። እንግዲህ ይኸው አንድ ማዕድን በአንድ ስሙ ፊደል ያስቆጥራል፣ በሌላው ስሙ ሰው ይጥላል።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሦስተኛው እርሳስ ነው። ይኼኛው የሚሸጠው በጥቅል ነው። ስፋቱ አንድ ጣት የማይሞላ፣ እንደ ቁስል ፕላስተር ጀርባው የሚጣበቅ፣ በመቀስ የሚቆረጥ ስስ ግራጫ ቴፕ ነው። የጎልፍ ተጫዋቾች ከዱላቸው ራስ ጀርባ ላይ ይለጥፉታል። ለምን? ይህን ለመረዳት ጎልፍ መጫወት አያስፈልግም፤ የመኪና ጎማ ባላንስ የሚያደርግ ጎሚስታ ጋ ቆም ብሎ ማየት ይበቃል። ጎማው ሲሽከረከር መሪ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ቸርኬው ጠርዝ ላይ ትንሽ ቁራጭ ይመታበታል። ለብዙ ዘመን ያ ቁራጭ እርሳስ ነበር። መኪና የሚያህል ነገር በጥቂት ግራም አደብ ይገዛል።

እርሳስ የተመረጠው በክብደቱ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብረት ስምንት ግራም እንኳ አይሞላም፤ ያው መጠን ያለው እርሳስ ግን ከ11 ግራም በላይ ይመዝናል። ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ለስላሳ ስለሆነ እንደፈለጉት ይታጠፋል፣ ዋጋውም እንደ ወርቅ አይደለም። የጣት ርዝመት ያላት የቴፕ ቁራጭ ሁለት ግራም ገደማ ትመዝናለች። ሁለት ግራም ማለት አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት የሐረና ጥሬ ቡና ፍሬ ነው። ጠቅላላው የጎልፍ ዱላ ከሦስት መቶ ግራም በላይ ስለሆነ፣ ይህችን ጭማሪ ሰው ይለያታል ቢሏችሁ መቀለድ ይመስላል። ሆኖም በሺህ የሚቆጠር ኳስ የመታ እጅ ይለያታል። ምክንያቱም ጉዳዩ ምን ያህል የሚለው ብቻ አይደለም፤ የት የሚለው ነው። መዶሻን በብረቱ በኩል ጨብጣችሁ አወናጭፉት፣ ከዚያ ገልብጣችሁ በእጀታው ያዙት። ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት ለውጥ የለውም፤ ለክንዳችሁ ግን ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው። ክብደቱ ከእጃችሁ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን፣ ለማወናጨፍ ያለው እምቢተኝነት አራት እጥፍ ይሆናል። የጎልፍ ዱላ ራስ ከእጅ አንድ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሁለት ግራሟ ጉልበት የምታገኘው ከዚያ ርቀት ነው።

ከዚህ የሚገርመው ደግሞ እርሳሱን ከራሱ አንሥቶ መያዣው ጋ ማድረግ ነው። ዱላው በጠቅላላ ይከብዳል፤ ራሱ ግን የቀለለ ይመስላል። ክብደት ጨምረህ ቅለት ታገኛለህ። በራሱ በኩል አንድ ነጥብ ለመጨመር ሁለት ግራም ሲበቃ፣ በመያዣው በኩል ያንኑ አንድ ነጥብ ለመቀነስ አራት አምስት ግራም ያስፈልጋል። (ነጥብ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ።) እርሳሱን ወደ ራሱ ጫፍ ወይም ወደ ተረከዙ አጠጋግቶ ኳሱ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እንዲያዘነብል ማድረግ ይቻላል የሚሉም አሉ። በብዙ ግራም ሲሆን እውነት አለው፤ በሁለት ግራም ግን የሻጭ ወሬ ይመስለኛል።

ይህ ነገር ከየት መጣ? (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጎልፍ በታሪክ ውስጥ ብቅ የሚለው እንደ ጥፋት ሆኖ ነው። በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ጎልፍንና እግር ኳስን በአዋጅ ከለከለ። ጎረምሳው ዱላ ይዞ ኳስ ሲያሳድድ ቀስት መለማመዱን ተወ፣ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ቢነሣ ማን ይመክታል ነው ነገሩ። ነገር ግን ንጉሥም ሰው ነው፤ በ1502 ጄምስ 4ኛ ራሱ የጎልፍ ዱላ ገዛ። የገዛው ደግሞ ፐርዝ ከተማ ካለ ቀስት ሠሪ ነበር። እንጨት እንዴት እንደሚለመጥ፣ የት እንደሚጸና፣ ሲለቀቅ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው ያ ሰው ነበራ! በ1603 ደግሞ ዊልያም ሜይን የሚባል ባለሙያ የጄምስ 6ኛ የቀስትና የጎልፍ ዱላ ሠሪ ተብሎ ተሾመ። ይህችን ሹመት አስታውሷት፤ እመለስባታለሁ።

የዚያን ዘመንና ከዚያ በኋላ የመጡት ዱላዎች ራሳቸው ረጅምና ቀጭን ነበር። ከፖም፣ ከሸክኒት ወይም ከእሾሃማ ዛፍ ተጠርቦ፣ ከፊቱ ግርጌ የበግ ቀንድ ቁራጭ ይገባበታል። ከጀርባው ተቦርቡሮ ጉድጓድ ይወጣለትና የቀለጠ እርሳስ ይፈስበታል። እንግዲህ የዛሬው ቴፕ ቅድመ አያት ይህ ነው። በ1856 የሞተው የሴንት አንድሩሱ ሂዩ ፊልፕ በዚህ ሥራ እጅግ የተመሰገነ ነበር፤ የእጁ ሥራዎች ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ቅርሶች ናቸው። ሲሠራ ሚዛኑ ክንዱ ነበር። ያነሣዋል፣ ያወዛውዘዋል፣ እርሳስ ይጨምርበታል ወይም ይቀንስለታል። አለቀ።

ዘንጉ ከእንጨት እስከ ሆነ ድረስ ሁለት ዱላ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ከአሜሪካ የመጣው ሂከሪ እንኳ፣ ለዘንግ ከሁሉም የተሻለ የተባለው፣ ከአንዱ ግንድ የወጣው ከሌላው ይለያል። ተጫዋቹ ሱቅ ገብቶ አንድ በአንድ እያነሣ የሚስማማውን ይመርጣል። በ1930 ታላላቆቹን አራት ውድድሮች በአንድ ዓመት ያሸነፈው ቦቢ ጆንስ ዱላዎቹን ያሰባሰበው በዚህ መንገድ ነው። በኋላ በመሣሪያ ሲለኩ ከአንዱ በቀር ሁሉም እርስ በርስ የተጣጣሙ ሆነው ተገኙ፤ ያቺ አንዷ ደግሞ ሁሌም የምታስቸግረው ነበረች እየተባለ በጎልፍ ሰዎች ዘንድ ይነገራል። ታሪኩ ሲወራ ሲወራ ሳይወፍር አልቀረም፤ ቢሆንም እወደዋለሁ።

በ1920ዎቹ ግን ሮበርት አዳምስ የሚባል አሜሪካዊ ይህን ስሜት ቁጥር አደረገው። የሠራው ሚዛን ዱላውን ከመያዣው ጫፍ 14 ኢንች፣ ማለትም 35 ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ ያንጠለጥለዋል። ራሱ ወደ ታች ምን ያህል እንደሚጎትት ይለካና በፊደልና በቁጥር ይናገራል፤ ሲ 9፣ ዲ 0፣ ዲ 2 እያለ። ስዊንግዌይት የሚሉት ይህን ነው፤ ቅድም ነጥብ ያልኩትም የዚህን ሚዛን አንድ ደረጃ ነው። ብዙዎቹ የወንዶች ዱላዎች ከዲ 0 እስከ ዲ 2 ባለው ውስጥ ተሠርተው ይወጣሉ። ቁጥሩ የመጣው በጊዜው ነበር። በ1929 የሴንት አንድሩሱ የሕግ አውጪ የብረት ዘንግ ፈቀደ፤ ዱላ በፋብሪካ በሺህ መመረት ጀመረ። ፋብሪካ የፊልፕ ክንድ የለውም፤ ቁጥር ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የተጫዋቹ ነው፤ ፋብሪካው ዲ 1 ብሎ የሸጠለትን ቤቱ ወስዶ፣ ሁለት ግራም ለጥፎ፣ የራሱ ያደርገዋል። በ2004 ቴይለርሜድ ክብደታቸው በቡሎን የሚፈታና የሚቀየር አራት ቦታ ያለው ዱላ ሲያወጣ ዓለም ጉድ አለ። ሐሳቡ ግን ያው የእርሳሱ ሐሳብ ነው። ሕጉም ቀላል ነው፤ ጨዋታ ሳይጀመር የፈለግኸውን ለጥፍ፣ ከተጀመረ በኋላ ሆን ብለህ አትነካካ።

ጎልፍ እኛ አገር እንግዳ ሆኖ የኖረ ጨዋታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ የራሱ ትንሽ የጎልፍ ሜዳ ነበረው፤ በአሮጌው ኤርፖርት በኩል ደግሞ "ጎልፍ ክለብ" የሰፈር መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል፣ ዱላውን ነክቶ ለማያውቀው ሁሉ። ሮቤ መሐል ከተማ የጎልፍ ዱላ ይዞ የሚሄድ ሰው ቢታይ ከብት የጠፋበት ይመስላል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ኳሱ ይወደን ነበር። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። አንድ ዓይነት ምት እዚህ ከባሕር ዳርቻ ሜዳ ይልቅ ወደ አሥር በመቶ ያህል ይርቃል። ሳነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትሩ ላይ፣ ቀይ ቀበሮው ኳሱን ይዞ ካልጠፋ በቀር፣ ሁሉም ሰው ሻምፒዮን ነው።

ግን የእርሳሱን ታሪክ ሳነብ ልቤ የሄደው ወደ ጎልፍ ሜዳ አልነበረም፤ ወደ ዱላ ነው የሄደው። ዱላ እኛ አገር አንድ ነገር አይደለማ! አማርኛ በክብደቱና በርዝመቱ ለይቶ ይጠራዋል። ረጅምና ቀጥ ያለው ሽመል ነው፤ አጭርና ድፍኑ ቆመጥ፤ ጫፉ ላይ የሾለ ብረት የገባበት አንካሴ፤ እጀታው የጎበጠ ከዘራ። ወይራው በቅቤ ታሽቶ ከምድጃ በላይ ጭስ ሲጠግብ የሚሰነብተው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ፣ ክብደቱም እንዲረጋ ነው። ገበያ ውስጥ ዱላ የሚገዛን ገበሬ ልብ ብላችሁ አይታችሁ እንደሆነ፣ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት መሐሉን ይዞ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከዚያ ጫፉን ይዞ አንዴ ያወዛውዘዋል። የአዳምስ ሚዛን ይኸው ነው፤ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው የጎደለው።

ባሌ ደጋ ላይ ዱላ ከመምታት ያለፈ ብዙ ሥራ አለው። ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚሄዱት ዘያራዎች የሚይዙት ባለ መንታ ጫፍ ዱላ የመንገድ ጓደኛ ነው፤ ሰው ሲያየው ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃል። የአርሲ ኦሮሞ ሴት ስታገባ የምትቀበለው ሲንቄ ደግሞ ቀጭን ናት። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ተሰልፈው ሲወጡ የተጣላ ይታረቃል፣ በደል ያደረሰ ካሣ ይከፍላል። ስዊንግዌይቷን ብንለካ ከሁሉም የመጨረሻዋ ትሆን ነበር፤ ሽመል የያዘው ጎረምሳ ግን ለእሷ ነው መንገድ የሚለቀው። እኔ ስለ ዱላ ስጽፍ እሷን ዘልዬ ማለፍ አልችልም።

ወደ ምት ስንመለስ ደግሞ ገና አለ። ታኅሣሥ ሲጋመስ ጎረምሳው ጫፉ የቆለመመ እንጨት ፍለጋ ጫካ ይገባል። እረኞች የክርስቶስን መወለድ ሲሰሙ በደስታ የሚያግዱበትን ዱላ ይዘው ጨዋታ ጀመሩ ይባላል፤ በዚያ ቀን ጌታው በሎሌው አይቆጣም። ኦሮሞውም ቂሌ ብሎ ተመሳሳይ ጨዋታ ይጫወታል። እንጨቱ ወይ ከሥሩ አጠገብ ሲወጣ በተፈጥሮ የቆለመመ ነው፣ ወይ በእርጥቡ በእሳት ለብ ተደርጎ ተቆልምሞ ታስሮ የደረቀ ነው። ሩሯን የሚመታው ያ የቆለመመው ክፍል የዱላው ወፍራም ጫፍ ይሆናል፣ ቀጭኑ በእጅ ይያዛል። ልክ እንደ ጎልፉ ክብደቱ ወደ ታች ነው። ራሱ የበዛበት ከሆነ በቢላ ይላጣል፤ መያዣው የቀለለ ከሆነ ደግሞ ጨርቅ ወይም ጠፍር ይጠመጠምበታል። ስኮትላንዳዊው እርሳስ አፍስሶ የሚጨምረውን የኛው ልጅ ልጦ በመቀነስ ያገኘዋል። ዘዴው ተቃራኒ ነው፤ ክንድ የሚፈልገው ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ከኢትዮጵያ ተወስደው በአውሮፓ ሙዚየሞች የተቀመጡ ጦሮች አሉ፤ ኦክስፎርድ ያለው ፒት ሪቨርስ አንዱ ቦታ ነው። ፎቷቸውን ስታዩ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ስለቱ ነው። እስቲ ወደ ሌላው ጫፍ፣ ወደ ሶማያው ጭራ ተመልከቱ። ከብዙዎቹ ላይ ብረት ተጠምጥሞበታል፤ እንደ ምንጭ ሽቦ ተጠቅልሎ እንጨቱን ያቀፈ። አንዳንዱ ሰው ጌጥ ነው ብሎ ያልፈዋል። እርግጥ ያምራል፣ ጦሩን መሬት ላይ ሲተክሉትም እንጨቱን ይጠብቃል። ትልቁ ሥራው ግን ሚዛን ነው። የፊቱ ስለት ከባድ ስለሆነ ጭራው ባዶ ቢሆን ጦረኛው ጦሩን የሚይዘው ወደ ፊት ተጠግቶ ነው። ጭራው ላይ ብረት ሲጠመጠም የሚዛኑ ቦታ ወደ ኋላ ይመጣል። እጅም ወደ ኋላ ይመጣል። ከእጅ ፊት ያለው ጦር ይረዝማል። በፈረስ ላይ ላለ ሰው ያቺ አንድ ክንድ ትርፍ የሞትና የሕይወት ልዩነት ናት። ይህ እንግዲህ መያዣው ሥር የተለጠፈ እርሳስ ካልሆነ ምን ይባላል? አዳምስ ሚዛኑን ከመሥራቱ ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ቀጥቃጭ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ፣ ጦሩን በጣቱ ላይ እያንሳፈፈ፣ አንድ ዙር ይጨምርለት ነበር።

ሚዛን የት መሆን እንዳለበት መንግሥታትም የተጨነቁበት ጊዜ አለ። በ1984 የምሥራቅ ጀርመኑ ኡቬ ሆን ጦር ወርውሮ 104 ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር አደረሰ። ስታዲየሙ አልበቃም፤ ሌላ ቢጨመር ተመልካች ላይ ሊያርፍ ነው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ምን አደረገ? የወንዶቹን ጦር 800 ግራም ክብደት አልነካም። በ1986 የክብደቱን ማዕከል ብቻ አራት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ገፋው። ጦሩ ቶሎ አፍንጫውን ደፋ፤ ርቀቱም ወረደ። ክብሩን የሰጠውም የነሣውም ግራሙ ሳይሆን ግራሙ ያለበት ቦታ ነው።

ከዚያ ልክ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1886፣ የአርሲ ኦሮሞ ጦረኞች አዙሌ ላይ ከራስ ዳርጌ ሠራዊት ጋር ገጠሙ። ለዓመታት የዘለቀው መከላከል የተሰበረው እዚያ ነው። በአንድ በኩል ጋሻ፣ ፈረስና ጭራው የተመዘነ ጦር፤ በሌላ በኩል ጠመንጃ። የዚያን ዘመን የሬሚንግተን ጥይት እርሳስ ነበር፣ አረር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጦሩ ወደ ባሌ ዘለቀ፤ ጎባም የሠራዊት ሰፈርና የገዥ መቀመጫ ሆነች። ዛሬ ሮቤና ጎባ ያለን ልጆች የሁለቱም ወገን የልጅ ልጆች ነን፣ አንዳንዶቻችን በአንድ ጊዜ የሁለቱም። ከ1963 እስከ 1970 በባሌ ሲነድ በቆየው አመፅም ይኸው ማዕድን እንደገና ተናገረ። ሰው ያኔ ስለ ሞቱት ይነጋገራል፤ መነጋገርም አለበት። አዙሌ ላይ ከጦረኛው ጋር አብሮ ስለወደቀ ዕውቀት ግን ማንም አያነሣም። ጠመንጃ ከነገሠ በኋላ የጦርን ጭራ የሚመዝን ጣት ሥራ ፈታ። ለልጁ ምን ብሎ ያስተምረው?

እዚህ ላይ ነው ያቺ የ1603 ሹመት የምትቆረቁረኝ። ስኮትላንዳዊው ዱላ ሠሪ በስሙ ተሾመ፤ ስሙ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ እኔ ዘንድ ደረሰ። ፊልፕ ሥራው ላይ ስሙን አትሟል። የኛው ቀጥቃጭ ምን አገኘ? ስድብ። በአማራው አገር ቡዳ ተባለ፤ በኦሮሞው ቱምቱ ተብሎ ከጎሳው ተለይቶ ተቀመጠ፤ ልጁን የሚያገባ ጠፋ፣ መሬት ተነፈገ። ማረሻውን ከእሱ እየገዙ፣ ጦሩን ከእሱ እየተቀበሉ፣ አብረውት አይበሉም። ምኒልክ በ1908 ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው! አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ዕድሜው ረዘመ። እንግዲህ ስሙን ለመጥራት የምታፍርበት ሰው፣ ጭራው ላይ ሰባት ዙር ለምን እንደጠመጠመ፣ ስምንት ለምን እንዳልሆነ አትጠይቀውም። ስላልጠየቅኸው አይጻፍም። ስላልተጻፈ ደግሞ መቶ ዓመት ቆይቶ "እኛ ሳይንስ አልነበረንም" ትላለህ።

ይህን የምለው ሁሉም ነገር ከኛ ተሰርቆ ነው ለማለት አይደለም። ያ ዓይነቱ ጽሑፍ በዝቶብናል፤ እኔም አይጥመኝም። አዳምስ ከማንም አልሰረቀም። የሰው ክንድ ባለበት ሁሉ ይህ ዕውቀት አለ። ባሌ ተራሮች ላይ፣ ወብ ሸለቆ አጠገብ፣ ፊንጫ ሀበራ በሚባል ዋሻ ውስጥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት አሳይቷል። ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ፣ ከዚያው ከደጋው ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት አምጥተው ይጠርቡ ነበር። ድንጋይ ለመጥረብ መምቻ ድንጋይ ይመረጣል፤ የከበደ ያደቃል፣ የቀለለ አይሰብርም። የሚመርጠው እጅ ነው። ልዩነቱ የመጣው እጅ የሚያውቀውን ማን ወረቀት ላይ አወረደው በሚለው ነው።

አሁንም የሚወርድ ነገር አለ። የባሌ ፈረስ ከአገሪቱ የፈረስ ዘሮች አንዱ ሆኖ በተመራማሪዎች ተለክቷል፣ ተመዝግቧል። በላዩ ተቀምጦ ጉግስ የሚጫወተው ሰውዬ የሚወረውረውን ዘንግ እንዴት እንደሚመርጥ ግን የጠየቀ ሲኖር አልታየኝም። ገናና ጉግስ ዛሬ በባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ ገብተዋል፤ ደስ ይላል። ውድድር ሲመጣ ደንብ ይመጣል፣ ደንብ ሲመጣ ልክ ይመጣል። ልኩን የሚያወጣው ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ አንድ ቁጥር ከመጻፉ በፊት፣ አርባ ዓመት ዱላ ሲልጥ የኖረ ሽማግሌ ጋ ሄዶ "አባባ፣ ይሄን ለምን እዚህ ጋ አሳነሱት?" ቢል ምን አለበት? ሮቤ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። ፊዚክስ ትምህርት ክፍል አለ፤ ታሪክም አለ። ሁለት ተማሪ፣ አንድ የጌጣጌጥ ሚዛን፣ አንድ ሜትርና የአንድ ክረምት ጊዜ ይበቃል። ወይራው ደግሞ እያለቀ ነው፤ መቁረጡም እንደ ድሮው ልቅ አይደለም፣ መሆንም የለበትም። የዛሬ ልጅ ያገኘውን ባሕር ዛፍ ይዞ ይጫወታል። ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለና ቀላል ነው፤ የቆለመመ ራስ የለውም። እንጨቱ ሲቀየር ምቱ ይቀየራል፤ ይህንንም ማንም አልመዘገበው።

እርሳሱን በተመለከተ፣ እሱም የሽሽት ዘመን ላይ ነው። ለልጅ አእምሮ መርዝ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። በዓለም ላይ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለመኪና መሸጥ ያቆመችው የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ናት፣ በ2021። የጎማ ባላንሱም በብዙ አገር ወደ ዚንክና ብረት ሄዷል። ጎልፈኞችም ቀስ በቀስ የተንግስተን ቴፕ እየለመዱ ነው፤ ውድ ነው፣ ግን ከእርሳስ ይከብዳል፣ እጅም አያስታጥብም።

የፊታችን ገና ላይ መሞከር ለሚፈልግ ሰው ሁለቱም አያስፈልጉትም። የገናውን ዱላ አንድ ጣት ላይ አንሳፉት፤ ሳይወድቅ የቆመበትን ቦታ በከሰል ምልክት አድርጉበት። አሥራ አምስት ጥሬ ቡና ቆጥራችሁ በእራፊ ጨርቅ ቋጥሩና ከቆለመመው ራስ በላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ሩሯን አሥር ጊዜ ምቱና የት የት እንዳረፈች ጻፉ። ከዚያ ቋጠሮውን ፈትታችሁ ፍሬውን እጥፍ አድርጉና ከእጃችሁ ሥር እሰሩት፤ እንደገና አሥር። የሚዛኑ ምልክት የት እንደሄደም እዩት። ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ባታዩበት በኩል ቋጠሮውን ቦታ እየቀያየሩ ቢሰጧችሁ ደግሞ ይበልጥ የታመነ ይሆናል፤ ሰው የሚያውቀውን ነው የሚሰማው። ስትጨርሱ ቡናውን ቆልታችሁ መጠጣት ነው፤ እርሳስ አይደለም።